ማሽን ማቆም የሚፈራ ሠራተኛ ይዞ ምን ካይዘን አለ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ልብስ ስፌት ውስጥ ከገባሁ 14 ዓመት ሆኖኛል። ዘጠኙን ዓመት ያሳለፍኩት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ኦፕሬተር ነበርኩ፣ ኋላ ላይን ሱፐርቫይዘር፣ ማለትም የአንድ ስፌት መስመር ተቆጣጣሪ ሆንኩ። አሁን ስድስት ማሽን ይዤ በግሌ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ጋዜጣችሁን የማነበው ቡና ቤት ነው። እኔ እጅ እስኪደርስ ሦስት አራት ሰው አንብቦታል፣ ጥግ ጥጉ ላይም ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ደብዳቤዬ ከዘገየ ምክንያቱ እሱ ነው።

ሰሞኑን በፋብሪካዎች ስለሚታየው ብክነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ጥሩ ነው። ግን አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ጽሑፉ የብክነቱን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ሠራተኛው ሰዓት አያከብርም፣ ስልክ ይነካካል፣ የሥራ ባህል የለውም ብሎ ጀመረና እዚያው ላይ ጨረሰ። መፍትሔው ካይዘንን፣ ያን ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን አሠራር፣ ጠበቅ አድርጎ መተግበር ነው አለ። ጠበቅ የሚደረገው ማን ላይ ነው? እኔ እስከማውቀው ሲጠበቅ የኖረው ማሽን ላይ የተቀመጠችው ልጅ ላይ ነው። ሳጠብቅ የኖርኩት ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ፣ ስለዚህ ከሜዳ ተነስቼ አይደለም የምናገረው።

ካይዘንን አልጠላውም፣ ይህን አስቀድሜ ልበል። እንዴት እንደመጣም አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓንን መንግሥት ድጋፍ ጠየቁ፣ የጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ ከ2009 እስከ 2011 በ30 ኩባንያዎች ላይ ሞከረው፣ ከዚያ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። እኛ ፋብሪካ ሲደርስ አምስቱን «ማ»ዎች አስተማሩን፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ለውጥ አመጣ። ከዚያ በፊት አንድ መቀስ ለሦስት ማሽን ነበር፣ እሱም ሲፈለግ አይገኝም። የትኛው ክር የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ስለነበር እሱ የቀረ ቀን ላይኑ በሙሉ ግማሽ ቀን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከሥልጠናው በኋላ መቀሱ በገመድ ታስሮ ቦታ ተሰጠው፣ ክሩ በየቀለሙ ተደረደረ፣ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተቀብቶ መተላለፊያው ተለየ።

ከዚያ ነገሩ ቀለሙ ላይ ቀረ።

ከበሩ አጠገብ ትልቅ ሰሌዳ ነበረን። የዕለቱ ታርጌት፣ የተሠራው፣ የተበላሸው በማርከር ይጻፍበታል። የተበላሸው የሚለው ሳጥን ውስጥ 2 ይጻፋል። ነገም 2። ከነገ ወዲያም 2። የምጽፈው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ ምስክርም ተከሳሽም ነኝ። አንድ ቀን እውነተኛውን ቁጥር ብጽፍ ስብሰባ ላይ አስነስተው አቆሙኝ፣ ከዚያ ወዲህ 2 ቁጥርን ወደድኳት። እንግዳ ይመጣል የተባለ ቀን ደግሞ በየማሽኑ መሀል የተከመረውን ባንድል (ግማሽ የተሰፋ ልብስ እስር) ሁሉ ተሸክመን ጀርባ ያለው መጋዘን ውስጥ እንደብቀዋለን። እንግዶቹ የጸዳውን ወለል አይተው ያደንቃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። እኛ ባንድላችንን መልሰን እንሸከማለን። ሰባቱን ብክነቶች የፋብሪካ ሰው ሁሉ በቃሉ ይወጣቸዋል፤ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ አላስፈላጊ ሂደት፣ ክምችት፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴ፣ እንከን። ማጓጓዝ ብክነት ነው ብለው ያስተማሩን እዚያው ሰሌዳ ሥር አቁመውን ነው።

አሁን ወደ ኪሱ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ኪስ ነው።

የወንድ ሱሪ ትዕዛዝ ነበር፣ የውጭ ገዢ። የኋላ ኪስ ከመሰፋቱ በፊት ቦታው ምልክት ይደረግበታል። ምልክት የምታደርገው ልጅ ከካርቶን የተቆረጠ ፓተርን ሱሪው ላይ ታስቀምጥና ጫፍ ጫፉን በጠመኔ ትነካለች። ቀጥላ ያለችው ኪሱን ምልክቱ ላይ አድርጋ ትሰፋለች። በቀን 600 ሱሪ ነው የሚሠራው፣ ሱሪው ደግሞ ሁለት ኪስ አለው። ያው አንድ ካርቶን በቀን 1,200 ጊዜ ይነሳል ይቀመጣል ማለት ነው።

ኪስ የምትሰፋው ልጅ ዝምተኛ ናት፣ ከገጠር መጥታ ገና ዓመት ያልሞላት። አንድ ጠዋት እጇን አነሳች። «ጋሼ፣ ይቺ ኪስ የወረደች አይመስልዎትም?» አለችኝ።

አየሁት። ወርዷል። ዘወር ብሎ ለሚያየው ሰው አያስታውቅም፣ ስድስት ሚሊ ቢሆን ነው። ግን ላይኑ ከታርጌት 80 ሱሪ ወደኋላ ቀርቷል፣ የምርት ኃላፊው በየግማሽ ሰዓቱ እየመጣ ከጀርባዬ ይቆማል። ያልኳትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «አንቺ ምልክቱ ላይ ስፊ፣ ሌላው የኪውሲ ሥራ ነው» አልኳት፣ የጥራት ተቆጣጣሪውን ማለቴ ነው። እሷም ምልክቱ ላይ ሰፋች። ሁለት ቀን ሙሉ። ልብ በሉልኝ፣ እጇን ያነሳችው 40ኛው ሱሪ ላይ ነው።

የላይኑ መጨረሻ ላይ ያለው ኪውሲስ አላየውም ወይ ትሉ ይሆናል። አይቷል ባይ ነኝ። እሱም ታርጌት አለው።

በሦስተኛው ቀን የገዢው ተቆጣጣሪ መጣና ሜትሩን አወጣ። 1,140 ሱሪ።

ስፌት የማያውቅ ሰው «ታዲያ ኪሱን ነቅሎ መስፋት ነዋ» ይላል። የተሰፋ ኪስ ተርትረህ ስድስት ሚሊ ከፍ አድርገህ ስትሰፋው የድሮው የመርፌ ቀዳዳ ከሥሩ ይታያል፣ መስመር ሠርቶ፣ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ውሃ ነካ አድርገህ ካውያ ብትሄድበት አንዳንዱ ጨርቅ ይውጠዋል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። ሦስት ሌሊት ተረተርን። በሦስተኛው ሌሊት 300 የሚሆነው ምንም ቢደረግ እንደማይድን ታወቀ። የክሩ፣ የመብራቱ፣ የእራቱ፣ የሰርቪሱ ወጪ ሁሉ ገዢው አንዲት ሳንቲም የማይከፍልበት ሥራ ላይ ነው ያለቀው። አንዷ ልጅ መተርተሪያውን እንደያዘች እንቅልፍ ጥሏት ጣቷን ወጋት፣ ደሙ አንድ ሱሪ ላይ ነጠበ፣ ያ ሱሪም ሪጀክት ሆነ።

ከዚያ ምክንያቱ ይጣራ ተባለ። ተጣራ። የልጅቷ የሦስት ቀን ደመወዝ ተቆረጠ፤ ወረቀቱ «በቸልተኝነት» ይላል። 40ኛው ላይ እጇን ያነሳችው ልጅ ማለት ነው። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ኃላፊው ፊት «ነግራኝ ነበር» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፣ መልሼ ዘጋሁት። ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እውነተኛውን ምክንያት ያገኘሁት ከሳምንት በኋላ ነው፣ ማንም ሳያዘኝ። ኪሱ ለምን ወረደ? ምልክቱ ስለወረደ። ምልክቱ ለምን ወረደ? ካርቶኑን አንስቼ ከኦሪጅናሉ ጋር ሳስተያየው ጠርዙ ተበልቷል፤ ጠመኔው በቀን 1,200 ጊዜ እየፋቀ ጨርሶታል። ለምን አልተቀየረም? ምልክት የምታደርገው ልጅ ሁለት ጊዜ ጠይቃለች። ለምን አልተሰጣትም? ካርቶን ከመጋዘን ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፣ ከፈራሚዎቹ አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ ስብሰባ ሄዷል። ካርቶን እኮ ነው! የትኛውም ሱቅ ደጃፍ ላይ ተጥሎ በነጻ የሚነሳ ካርቶን።

«ለምን?» እያሉ አምስት ጊዜ መጠየቅን ያስፋፉት ቶዮታዎች ናቸው። ሥልጠናው ላይ ተምረነዋል፣ ግድግዳ ላይም ተለጥፏል። ሥራው ላይ ግን የምንጠይቀው «ማን?» ብለን ነው፣ እሱ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተጠየቀ ይበቃዋል።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ የፈለሰፈው የመኪና ፋብሪካ ይመስለዋል። መነሻው ሽመና ነው። ይሄ ለባሕር ዳር ሰው ደስ ሊለው የሚገባ ነገር ነው፤ ከተማችን ራሷ ስሟን ያወጣችው በጨርቅ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሳ ተሠራ፣ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫም የተገነባው በዋናነት ለእሱ መብራት ለመስጠት ነበር። (የነገርኳችሁ የኪስ ታሪክ የእሱ አይደለም፣ ሰው እንዳያሳስት።)

የቶዮታ ቤት መነሻ የሆነው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1867 የተወለደ የአናጢ ልጅ ነው። እናቱ ስትሸምን እያየ አደገ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የሽመና ማሽን ሲያሻሽል ኖረ። ከሠራው ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የማሽኑ ፍጥነት አይደለም፤ ክር ሲበጠስ በራሱ መቆሙ ነው። በፊት የነበረው ማሽን ክር ቢበጠስም ዝም ብሎ ይመታል፣ ሰው ካላየው ክንድ ሙሉ ብልሹ ጨርቅ ያወጣል። ስለዚህ አጠገቡ ቆሞ የሚያፈጥበት ሰው ይፈልጋል። ማሽኑ በራሱ መቆም ሲችል ያ ሰው ከማፍጠጥ ተገላገለ፣ ብዙ ማሽን ባንድ ጊዜ መያዝ ቻለ። በ1924 የሠራው አውቶማቲክ ማሽን ዝናው ርቆ ሄዶ በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ የፈጠራ መብቱን በ100,000 ፓውንድ ገዛ። በጨርቅ ዓለምን ይመሩ የነበሩት እንግሊዞች ከጃፓን ሸማኔ ቤት ገዙ ማለት ነው። የልጁ የኪይቺሮ የመኪና ሥራ የወጣው ከዚያው ቤት ነው፤ ቶዮታ ሞተር ኩባንያ ሆኖ የተቋቋመው በ1937 ነው።

ታይቺ ኦኖም እንደዚያው። የቶዮታን አሠራር በዋናነት የቀረጸው እሱ ነው ይባላል። በ1932 ሥራ የጀመረው በቶዮዳ የፈትልና ሽመና ፋብሪካ ነው፣ ወደ መኪናው የተዛወረው በ1943። ያንን የሚቆም ማሽን አስተሳሰብ ሰው ላይ አመጡት። የመኪና መገጣጠሚያው ላይ ገመድ ተዘረጋ። ማንኛውም ሠራተኛ እንከን ካየ ገመዱን ይጎትታል፣ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፣ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ገመዱን የጎተተ ሰው አይቀጣም።

እኛ ቢጫውን መስመር አመጣን፣ ገመዱን እዚያው ተውነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሸማኔ አሉ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ሲሠሩ በበራቸው አልፋለሁ። ድሩ ሲበጠስባቸው መወርወሪያውን ያስቀምጣሉ፣ ጣታቸውን በምራቅ ነካ አድርገው ሁለቱን ጫፍ ያገናኛሉ፣ ይቀጥላሉ። «ቆይ ታርጌት ልሙላ፣ ኋላ እቋጥረዋለሁ» ሲሉ አይቻቸው አላውቅም። ማን ካይዘን አሠለጠናቸው?

ኦኖ ከሰባቱ ብክነቶች የከፋው ከሚፈለገው በላይ ማምረት ነው ይል ነበር። መጀመሪያ ስሰማው አልገባኝም። ብዙ መሥራት እንዴት ብክነት ይሆናል? እኛ አገር ሲያልቅብህ እንጂ ሲተርፍህ አትወቀስም። ነገሩ የሚገባው ሌላውን ብክነት ሁሉ የሚሸፍነው እሱ መሆኑ ሲገባ ነው። አሠልጣኞቹ ይህን ሲያስረዱ የውሃና የድንጋይ ሥዕል ያሳያሉ። እኛ ሥዕል አያስፈልገንም፣ ጣና አለን። ክረምት ሲወጣ ሐይቁ ሞልቶ ጀልባው እንደልቡ ይሄዳል። ግንቦት ላይ ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩ ድንጋዩ ጀርባውን ያወጣል፣ ጀልባ ነጂው ሞተሩን ቀንሶ፣ አንገቱን አስግጎ ነው የሚያልፈው። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሐይቁ ከመጉደሉ የተነሳ መርከብ መንቀሳቀስ አቅቶት እንደነበር የሚያስታውስ ብዙ ሰው አለ። ድንጋዩ ታዲያ ያን ዓመት አልመጣም፣ ድሮም እዚያው ነበር።

በየማሽኑ መሀል የሚከመረው ባንድል ያ ውሃ ነው። የኪስ ማሽን ቢበላሽ ቀጥላ ያለችው የሁለት ሰዓት ሥራ ፊቷ ስለተከመረ ማንም አይደነግጥም፣ መካኒኩ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚመጣው። አንዷ ኦፕሬተር ሥራው ከብዷት ብታዘግም አይታወቅም። ምልክት ቢሳሳት ደግሞ ያያችሁት ነው፣ 1,140። ባንድሉ 50 ሱሪ ከሆነ እንከኑን ቀጣዩ ሰው ሲያገኘው 50ው ተበላሽቷል፤ 5 ከሆነ አምስቱ ነው የተበላሸው። ሒሳቡ የሕፃን ሒሳብ ነው። ግን ክምሩ ለባለቤቱ ሀብት ይመስለዋል፣ ለሱፐርቫይዘሩ መተማመኛ ነው (ለእኔም ነበር፣ ክምር ሲያንስ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር)፣ ስለዚህ ማንም አይነካውም።

በሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ታንኳ ከደንገል ነው፣ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ዕድሜው አጭር ነው። አሥር ታንኳ ባንዴ አስሮ ዳር ላይ ደርድሮ ገዢ የሚጠብቅ አይቻለሁ የሚል ካለ ይንገረኝ።

ይህን ስል ግን ጃፓንን እንዳለ ገልብጡ ማለቴ አይደለም፣ እዚህ ላይ ከአሠልጣኞቹም ጋር አልስማማም። ቶዮታ ክምችት ሳይዝ መሥራት የቻለው ብዙዎቹ ዕቃ አቅራቢዎቹ ቅርቡ ስለሆኑ ነው። የእኔ ዚፕ የሚመጣው ከመርካቶ ነው፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ዚፕ «በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ» ብዬ ብጠብቅ መስከረም ላይ ልጆቹ ትምህርት የሚገቡት በቁምጣ ነው። ስለዚህ የሁለት ወር ዚፕ፣ ቁልፍና መርፌ አስቀምጣለሁ። ዚፕ አይበላሽም፣ እንከንም አይደብቅም። ግማሽ የተሰፋ ሱሪ ግን አላስቀምጥም። መብራትም እንደዚሁ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን መብራት የማይፈልገውን ሥራ፣ ክር መልቀሙን፣ ቁልፍ መትከሉን፣ ምልክት ማድረጉን ለዚያ ሰዓት እናቆየዋለን። ሲጠፋ «ቁልፍ መጣ» ይባላል ቤታችን ውስጥ። መብራት ኃይል ላይ ያለኝ ቅሬታ ባይቀርም።

ስለ ኦኖ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ፋብሪካው ወለል ላይ በጠመኔ ክብ ያሰምርና ሰውን እዚያ ውስጥ አቁሞ «እይ» ይለዋል፣ ለሰዓታት። እኔም ልሞክረው አልኩ፣ ጠመኔ እንደሆነ ሞልቶናል። ራሴን አቆምኩ። ሠራተኞቼ የታመምኩ መሰላቸው። አንዷማ «ጋሼ፣ ውሃ ላምጣ?» አለችኝ። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ምንም አይታየኝም፣ ሁሉም ይሠራል። ከዚያ ኮሌታ የምትሰፋዋን አየሁ። ኮሌታውን ትሰፋለች፣ ትገለብጣለች፣ ለመተኮስ ወደ ካውያው ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ቆጠርኩት፤ 11 እርምጃ ሄዳ 11 እርምጃ ትመለሳለች፣ ባንድ ሰዓት ውስጥ 14 ጊዜ። ካውያው እዚያ ጥግ የተቀመጠው ሶኬቱ እዚያ ስለሆነ ብቻ ነው። ኤክስቴንሽን ገዝቼ ጠረጴዛውን አጠገቧ አደረግኩት። ያኔ ያወጣሁት የአንድ ኤክስቴንሽን ዋጋ ነው።

ከክቡ ውስጥ ያየሁት ሁለተኛው ነገር ግን ቅር አሰኝቶኛል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥራ ያቋረጠው ሰው እኔ ነኝ። ስልክ ሲደወልልኝ «ያ የ12 ቁጥሩ የት ደረሰ?» ብዬ እጮሃለሁ፣ ሁለት ሰው ማሽኑን አቁሞ ይፈልግልኛል። ይሄን ዘጠኝ ጊዜ ሳደርግ ራሴን ያዝኩት። ከሰባቱ ብክነቶች የትኛው ውስጥ እንደምመደብ እስካሁን አልወሰንኩም።

ባንድሉንም ከ50 ወደ 10 አወረድኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ሲኦል ነበር። ክምር ስለሌለ አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል፣ ድንጋዩ ሁሉ ባንዴ ወጣ። የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው የኦቨርሎክ ማሽን በቀን ስንት ጊዜ ክር እንደሚበጥስ ያወቅነው ያኔ ነው፤ ለካ ዕድሜ ልኩን ይበጥስ ነበር። መካኒክ አምጥተን አንድ ትንሽ ዕቃ ቀየረለት። ከዚያ ወዲህ የተተረተረ ሱሪ የማየው በሳምንት አንድ ሁለት ነው፣ ያንን ደግሞ ሰሌዳው ላይ እንዳለ እንጽፈዋለን።

የእኔ ስድስት ማሽን ነው፣ የፋብሪካው መቶዎች ናቸው፣ አይነጻጸርም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። መቶ ሰው ያለበት ላይን ሲቆም የሚጠፋው ገንዘብ ያስፈራል። ግን ያ ሦስት ሌሊትም በገንዘብ ነው የተከፈለው፣ 300ውም ሱሪ እንደዚሁ። ልዩነቱ የቆመ ላይን ለኃላፊው በዓይኑ ይታየዋል፣ የተበላሸ ሱሪ ግን ጀርባ መጋዘን ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ የፋብሪካ ባለቤት የሆነ ሰው ይህን የሚያነብ ከሆነ አንድ ነገር ልለምነው፤ ሰሌዳው ላይ «የተበላሸ» ከሚለው ቀጥሎ «ዛሬ ስንት ጊዜ ቆመ» የሚል ሳጥን ያስጨምር። ዜሮ ተጽፎ ካየ ደስ አይበለው፣ ወርዶ ይይ። ካርቶን፣ መርፌና ጠመኔ የሚያህል ነገር ደግሞ ያለ ፊርማ ይሰጥ። እናንተም ጋዜጠኞች ፋብሪካ ስትጎበኙ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ አትጀምሩ። ሪፔር የሚሠራበት ጠረጴዛ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ እዚያ የተቀመጡትን ልጆች አናግሯቸው። ሠራተኛው ስልክ ይነካካል ያላችሁትም ውሸት አይደለም፣ ይነካካል። ፊቱ ያለውን ሥራ አይቶ ሲናገር «አንተን አይመለከትህም» የተባለ ሰው ሌላ ምን ይንካ?

ያቺ ልጅ ደመወዟ በተቆረጠ በወሩ ሥራውን ለቀቀች። ኪስ እንደሷ አስተካክሎ የሚሰፋ ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁም፤ እሷን ለማሠልጠን የወጣው ሁሉ አብሯት ሄደ፣ ይሄን ደግሞ ሰባቱ ውስጥ አይቆጥሩትም። የራሴን ሥራ ስጀምር በሰው በሰው አስፈልጌ አገኘኋት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት። አሁን አብራኝ ትሠራለች። ማንም ሰው የተጠራጠረ ዕለት ያቁም ብያለሁ፣ ደወል እንኳ ገዝቻለሁ፣ የበግ ደወል ነው፣ ከቅዳሜ ገበያ።

ባለፈው ማክሰኞ ደወሉን መታችው። የ200 ሸሚዝ ትዕዛዝ ነበረብን፣ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ክሩ ቀለሙ የተለየ መሰላት። ስድስቱም ማሽን ቆመ። ክሩን ይዘን ደጅ ወጣን፣ በፀሐይ አየነው፣ በጥላ አየነው፣ ከድሮው ጋር አስተያየነው። አንድ ነው። ምንም አልሆነም። 20 ደቂቃ ሄደ፣ ሰውዬው ሰዓቱን እያየ ተነፋነፈ፣ እኔም ውስጤ ተቃጠለ፣ ያ የድሮው ሱፐርቫይዘር ጉሮሮዬ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ ሌላ ጊዜም ብጠራጠርስ?» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ።

«አቁሚ» አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከባሕር ዳር